ለክፉ ቀን የሚቀመጥ አስቤዛ፦ ምን ያህል፣ በምን ዕቃ፣ እስከ መቼ

ለክፉ ቀን ተብሎ ዕቃ የተቀመጠበትን ጓዳ ከፍቶ ለተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ችግር የዕቃ ማነስ አይደለም። ሩዙ አለ፣ ነቅዟል። የታሸገው ምግብ አለ፣ መክፈቻው የለም። ጥራጥሬው አለ፣ የሚቀቀልበት ውሃና ጋዝ አልታሰበም። የእጅ ባትሪውም አለ፤ ድንጋዩ ግን ውስጡ እንዳለ ፈስሶ ብረቱን በልቶታል። ከግዢው ይልቅ አቀማመጡና አጠቃቀሙ ላይ የማበዛው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ለ3 ቀን የሚበቃውን አሟሉ፤ ከዚያ ወደ 2 ሳምንት አሳድጉት። ውሃ ቢጠፋ፣ መብራት ቢቋረጥ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም ቤት ውስጥ ሰው ታሞ መውጣት ቢያቅት፣ ለሁሉም የሚያገለግለው ያው አንዱ ክምችት ነው። ከ2 ሳምንት በላይ ማከማቸት ለአብዛኛው ቤት አልመክርም። ቦታ ይይዛል፤ እየተበላ ካልተተካ ደግሞ ውሎ አድሮ የሚጣለው ይበዛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ስንት እንደምትጨርሱ እወቁ። በግምት የሚሠራ ሰው ሻማና ጨው ያበዛል፤ ውሃ፣ ሳሙናና ጋዝ ያሳንሳል። ቀላሉ ዘዴ ማርከር ወጥ ቤት ውስጥ ማንጠልጠልና ማንኛውንም ነገር ስትከፍቱ የተከፈተበትን ቀን ዕቃው ላይ መጻፍ ነው። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የጥርስ ሳሙናው፣ የሶፍቱ እሽግ፣ የዳይፐሩ ጥቅል፣ የስኳሩ ከረጢት ሁሉ ይጻፍበት። ሲያልቅ ቀኑን ቆጥሩና ደብተር ላይ አስፍሩት። 3 ሊትር ዘይት 30 ቀን ካቆያችሁ ለ14 ቀን የምትፈልጉት 1.4 ሊትር ነው። ሁለት ወር እንዲህ የያዘ ቤት ከማንም የተዘጋጀ ዝርዝር አያስፈልገውም።

ሲገዛም በአንድ ቀን አይገዛ። አስቤዛ በወጣችሁ ቁጥር ከምትገዙት ላይ አንድ ወይም ሁለት ነገር ደርቡ፤ ዛሬ አንድ ተጨማሪ ሳሙና፣ በሚቀጥለው አንድ ኪሎ ሩዝ። የምትገዙትም ቤተሰቡ ዛሬም የሚበላውንና የሚጠቀምበትን ነው። በአዘቦት ቀን ማንም የማይነካው ምግብ በክፉ ቀንም ልጅ አይበላውም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ታይቷል፤ በብዙ አገር የሶፍት መደርደሪያ ሳይቀር ባዶ ቀርቶ ነበር። ቀስ ብሎ ያጠራቀመ ሰው በዚያን ሳምንት ሰልፍ አይገባም፤ የሌላውንም ድርሻ አይሻማም።

ውሃ

ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። ከዚህ 2 ወይም 2.5 ሊትሩ ይጠጣል፤ የቀረው ለማብሰያ፣ ለእጅና ለጥርስ ነው። ልብስ ማጠብና ገላ መታጠብ በዚህ ውስጥ የሉም። የምታጠባ እናት፣ የታመመ ሰው፣ ወይም ሞቃት አየር ካለ ጨምሩ። አራት ሰው ላለበት ቤት ለ3 ቀን 48 ሊትር፣ ለ14 ቀን ደግሞ 224 ሊትር ይሆናል። ይህ 224 ኪሎ ክብደት ነውና መደርደሪያ ላይ አይጫንም፤ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከሥሩ ሳንቃ ተደርጎለት ይቀመጣል።

ሁሉንም በ20 ሊትር ጀሪካን መያዝ የተለመደ ስህተት ነው። ሙሉው ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሆነ አቅመ ደካማ ሰው አንስቶ አይቀዳበትም፤ ድንገት ከቤት መውጣት ቢመጣም ተሸክሞ መሄድ ያስቸግራል። ግማሹን በ20፣ የቀረውን በ5 እና በ2 ሊትር ያዙት። አፉ ጠባብ የሆነውን ወይም ቧንቧ ያለውን ምረጡ። አፈ ሰፊ በርሜል ውስጥ ኩባያ በገባ ቁጥር እጅም አብሮ ይገባል፤ ተጣርቶ የተቀመጠ ውሃ ቤት ውስጥ መልሶ የሚበከለው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ዕቃው ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ይሁን። ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ወይም 2 ቁጥር ያለበት ጥሩ ነው፤ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ በፊት ምን እንደያዘ ማወቅ አለባችሁ። ነዳጅ፣ ፀረ ተባይ ወይም ማጽጃ የነበረበት ጀሪካን የፈለገውን ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይመለስም። የወተት ዕቃም ተዉ፤ ስቡና ፕሮቲኑ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። የሞላውንም ጀሪካን ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ቀለም አጠገብ አታስቀምጡ። ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ጋዙ በፕላስቲኩ ግድግዳ ዘልቆ ውሃውን ያሸተዋል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ጀሪካኑን በሳሙናና በውሃ እጠቡና አለቅልቁ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) በረኪና ጨምሩና ጀሪካኑ ውስጥ ገልብጡት፤ ክዳኑን ዝጉና በሁሉም ጎኑ እያገላበጣችሁ ናጡት። የክዳኑ ጥርስና የእጀታው ባዶ ውስጥ ሳይቀር መንካት አለበት፤ አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) የሚጀምረው እዚያ ነው። ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆይቶ ይደፋ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ከዚያ እስከ አፉ ሙሉት፣ አየር ሳታስቀሩ ዝጉት፣ የሞላበትን ቀን በማርከር ጻፉበት። ከታከመ የመስመር ውሃ የሞላችሁት ከሆነ ሌላ ነገር መጨመር አያስፈልግም። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት፤ በየ6 ወሩ ለእጥበት ተጠቅማችሁበት በአዲስ ተኩት። ቆይቶ ጣዕሙ ሞቶ ብታገኙት ከአንዱ ጆግ ወደ ሌላው ደጋግማችሁ ስትገለብጡት አየር ገብቶ ይስተካከላል።

ምንጩ ያላስተማመናችሁን ውሃ ማፍላት ከሁሉ ይበልጣል። በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ አድርጉት። ማፍላት ካልተቻለ በረኪና አለ። ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ ሳሙና ያልተቀላቀለበት፣ ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ ሲሆን ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ነው። ለ20 ሊትር 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ይሆናል። ቀላቅላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በስሱ የክሎሪን ሽታ ካልሸተታችሁ ያንኑ ያህል ድገሙና 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ አሁንም ካልሸተተ ያን ውሃ ተዉት። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ ረግቶ፣ በታጠበ ነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ ነው በረኪና የሚገባበት፤ ጠብታውም እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ጭቃውና ቆሻሻው ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው ነው። ክሎሪን የማይገድላቸው ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ፤ ነዳጅም ሆነ ኬሚካል የገባበትን ውሃ ደግሞ ክሎሪንም ማፍላትም አያድነውም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል፦ በረኪና ራሱ ያረጃል። ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ኃይሉ በየወሩ ይቀንሳል፤ ሙቀት ባለበት ቦታ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ሦስት ዓመት የቆየ በረኪና ይዞ ጠብታ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። በዓመት አንዴ አሮጌውን ለጽዳት አውሉትና አዲስ አስቀምጡ።

ቤት ውስጥ ያለውን ውሃም አትርሱ። የቦይለሩ ጋን ብዙ አሥር ሊትር የሚጠጣ ውሃ ይይዛል። ከመቅዳታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን ወይም ጋዙን አጥፉ፤ ባዶ ጋን ከጋለ ማሞቂያው ይቃጠላል። የመስመሩን መግቢያ ዝጉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ከሥሩ ካለው ማፍሰሻ ቅዱ። መጀመሪያ የሚመጣው ዝቃጭ ስለሚሆን ለመጸዳጃ ይሁን።

ምግብና ነቀዝ

ለአንድ አዋቂ በቀን 2,100 ካሎሪ ይያዛል፤ ለ14 ቀን 29,400 ነው። ይህ ቁጥር በኪሎ ሲመነዘር ያን ያህል አያስፈራም፦ 4 ኪሎ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ሦስት ሩብ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ስኳርና 300 ግራም ለውዝ። ደምሩት፤ ከሩዙ 14,400፣ ከጥራጥሬው 5,100፣ ከዘይቱ 6,100፣ ከስኳሩ 2,000፣ ከለውዙ 1,750 ገደማ ይመጣል፤ ያው 29,400 አካባቢ ነው። ለአራት ሰው 16 ኪሎ እህል፣ 6 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 3 ሊትር ዘይት ማለት ነው። ዘይቱን ልብ በሉ፦ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ሆኖ ከካሎሪው አንድ አምስተኛውን ይሰጣል። ቦታ የጠበበው ሰው መጀመሪያ ማሟላት ያለበት እሱን ነው። ጨው ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ኪሎ ከበቂ በላይ ነው።

ይህ ስሌት አጥንቱ ነው። በአጥንቱ ላይ የታሸገ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ የቲማቲም ድልህ፣ የዱቄት ወተት፣ ቅመም፣ ሻይና ቡና ይጨመራል። ቅመሙና ሻዩ ቅንጦት አይደሉም፤ አምስተኛው ቀን ላይ ያለ እነሱ ሩዝ አይዋጥም። ከጠቅላላው ሢሶው ግን ሳይበስል የሚበላ ይሁን፦ ብስኩት፣ ለውዝ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ እንዳለ የሚከፈት ቆርቆሮ። ጋዝ ባለቀ ቀን የሚበላው እሱ ነው። ሁለት የቆርቆሮ መክፈቻ ያዙ፤ ርካሹ በሦስተኛው ቆርቆሮ ላይ ይጣመማል።

በጥራጥሬ በኩል ክክና ምስር ይሻላሉ። ሳይዘፈዘፉ ቶሎ ይበስላሉ። ሙሉ ቦሎቄ ይዘፈዘፋል፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፣ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈላል፤ ውሃና ጋዝ በሚቆጠርበት ቀን ይህ ትልቅ ወጪ ነው። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ የባሰ ነገር አለው። በጥሬው ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር የሚጠፋው ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ ሲፈላ ነው። ጋዝ ለመቆጠብ ብሎ ለስለስ ባለ እሳት ለብ አድርጎ የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማስታወክ ይጀምራል። ብዙ ዓመት የቆየ ጥራጥሬም ቢቀቀል አይለሰልስም፤ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ቡናማ ሩዝና ያልተነፋ ዱቄት ጤናማ ናቸው ተብሎ ይከማቻሉ፤ ለክምችት ግን ደካሞች ናቸው። ቅባቱ ከነገለባው ስላለ ቡናማ ሩዝ በ6 ወር አካባቢ የሰነበተ ዘይት ዓይነት ሽታ ያመጣል። ነጭ ሩዝ ደረቅ እስከሆነና ነቀዝ እስካልገባው ድረስ ዓመታት ይቆያል። የታሸጉ ነገሮች ውስጥ ቲማቲምና ፍራፍሬ ኮምጣጣ ስለሆኑ ቆርቆሮውን ይበሉታል፤ በ12 እና በ18 ወር መካከል ጨርሷቸው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ጥራጥሬ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይሄዳሉ። ጎኑ ላይ ትንሽ የተጎዳ ቆርቆሮ ችግር የለውም፤ ስፌቱ ላይ የተጨፈለቀ፣ የዛገ፣ የሚያንጠባጥብ ግን ይጣላል። ያበጠ ወይም ሲከፈት የሚተፋ ቆርቆሮ አይቀመስም። ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፤ ቀመስ አድርጎ ማጣራት የሚባል ነገር የለም።

ወደ ነቀዝ እንምጣ። ሰው ነቀዝ ከውጭ የገባ ይመስለዋል፤ በአብዛኛው ግን እንቁላሉ ከሱቅ ሲመጣ እህሉ ውስጥ ነበር። ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ስስ ፌስታል ደግሞ አያግደውም፣ በስቶ ወደሚቀጥለው ከረጢት ያልፋል። ፍሪዘር ያለው ሰው እህሉን በ1 ወይም በ2 ኪሎ ከፋፍሎ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ4 ቀን ያቆየው። ትልቅ ከረጢት ከሆነ ቅዝቃዜው መሐሉ ድረስ አይደርስም። ሲወጣ ደግሞ ወዲያው አይከፈት። ከነእሽጉ አንድ ቀን ውጭ ይዋል፤ ገና ቀዝቃዛ እያለ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት እህሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጥና ነቀዙን ያመለጠው ሩዝ ይሻግታል።

ወደ ማስቀመጫው ከመግባቱ በፊት ድርቀቱን መፈተን የሚቻልበት ሚዛን የማይፈልግ ዘዴ አለ። ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውሰዱ፤ ክዳኑም ደረቅ ይሁን። ሁለት ማንኪያ የደረቀና የማይጓጉል ጨው ጨምሩበት፣ እስከ ሢሶው ድረስ እህል ሙሉ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ ናጡት፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ እህሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደገና መፈተን አለበት። ጨው እንደ አሸዋ ወደ ታች ተንሸራቶ ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ አሽጉት።

ለማሸጊያ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል። ታጥቦ፣ አፉ ተዘቅዝቆ ጥቂት ቀን ይድረቅ፤ ከሥሩ አንዲት ጠብታ ከቀረች የታችኛው እፍኝ ይሻግታል። ሩዙን እየሞላችሁ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ይወርድና ሌላ እፍኝ ይቀበላል። እስከ አንገቱ ሙሉት። የቀረው አየር ሲያንስ ለነቀዙም የሚተነፍሰው ያንሳል። ኦክስጅን የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶችን የምትጠቀሙ ከሆነ ስኳርና ጨው ውስጥ አታስገቡ፤ ድንጋይ ያደርጓቸዋል። እርጥበት ያለው እህል ውስጥም አታስገቧቸው፤ ያለ አየር የሚያድገው የቦቱሊዝም ጀርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አደራደሩ አጭር ነው። አዲስ የመጣ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት። ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በረኪና፣ ነዳጅና ሳሙና ከምግብ ጋር አንድ መደርደሪያ አይጋሩ፤ ዱቄት የሳሙና ሽታ ሲስብ ቶሎ ነው። ጎርፍ ወይም እሳት አንዱን ክፍል ቢወስድ ሁሉም እንዳይሄድ የ3 ቀኑን ከሌላው ለይታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

እሳት

መካከለኛ የጋዝ ምድጃ አንዱ ዓይን በሰዓት 200 ግራም ገደማ ይበላል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ካበሰላችሁ 300 ግራም፣ በ14 ቀን 4.2 ኪሎ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት እንደቀረ በማንቀጥቀጥ አይታወቅም። እጀታው ወይም አንገቱ ላይ የባዶው ክብደት ተቀርጿል፤ የሰውነት ሚዛን ላይ አቁሙትና የባዶውን ቀንሱ፣ የቀረው ጋዝ ነው። ሚዛን ከሌለ አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ በሲሊንደሩ ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች አፍስሱና ወዲያው በመዳፍ ዳስሱት። ከላይ ይሞቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው የጀመረበት የጋዙ ከፍታ ነው። ፈሳሹ ጋዝ ሙቀቱን ስለሚወስደው ነው።

የማብሰያውን ጊዜ በግማሽ መቀነስ ይቻላል። ክዳኑ የሚገጥም ወፍራም ድስት ውስጥ ሩዙ ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ይንተክተክና ምድጃው ይጥፋ። ክዳኑ ሳይከፈት በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ 40 ደቂቃ ይቀመጥ፤ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ድስቱ እስከ ሦስት አራተኛው የሞላ ይሁን፤ ጥቂት ምግብ ሙቀት አይዝም። እንደበሰለ ይበላ። ለብ ብሎ ሰዓታት የቆየ ሩዝ እንደገና ቢፈላም የማይጠፋ መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ ያበቅላል።

ከሰልና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን አይገቡም። የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታትና ማዞር ተሰምቶ ሰው ጋደም ሲል ያኔ አልቋል። ጄኔሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ምክንያት ሳትፈልጉ ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ።

የቀረው

ለመብራት ግንባር ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፤ ሁለቱ እጆች ነጻ ይሆናሉ። ሻማ በእኔ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሁሉም መብራትና ሬዲዮ በአንድ ዓይነት ድንጋይ እንዲሠሩ አድርጋችሁ ግዙ። ድንጋዩን አውጥታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ፤ አልካላይን ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ሲፈስ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ብረቱን ይበላል። አዲስና አሮጌ አታቀላቅሉ፤ አሮጌው ቶሎ ስለሚያልቅ ይገለበጥና የሚፈሰው እሱ ነው። ፓወር ባንክን በተመለከተ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የተጻፈበት 5,000 የሚይዝ ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል ብላችሁ አትቁጠሩ። ኃይሉ ሲለወጥ የሚባክን ስላለ ቢበዛ አንድ ተኩል ጊዜ ነው የሚሞላው። ዓመቱን ሙሉ 100 በመቶ ሞልታችሁ አታቆዩት፣ ባዶም አታድርጉት፤ በየ3 ወሩ እያያችሁ መሐል ላይ ያዙት፣ አደጋ የሚመጣ ሲመስል ግን ሙሉት። የአስፈላጊ ሰዎች ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስልኩ ሲዘጋ ማንም በቃሉ አያውቅም።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ሳይከፈት 4 ሰዓት ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24። ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ ሙሉት፤ ለቅዝቃዜውም ለመጠጡም ይሆናል። ከቤት ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ኩባያ ውሃ በረዶ ካደረጋችሁ በኋላ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡበት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከሥሩ ቀርቶ ውሃው እንደገና በረዶ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበርና ያለው ይጣላል።

ውሃ ሲጠፋ ከመጠማት ቀድሞ የሚያስጨንቀው መጸዳጃ ነው፤ ሆኖም በብዙ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ክዳን ያለው 20 ሊትር ባልዲ፣ ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል፣ ሰጋቱራ ወይም አመድ ይበቃል። ፌስታሉ ድርብ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ጊዜ በኋላ አንድ ኩባያ ሰጋቱራ ይነስነስበት። ሽንቱን በሌላ ዕቃ ብትለዩት ሽታው በጣም ይቀንሳል፤ ፌስታሉም ቶሎ አይከብድም። እጅ መታጠቢያ የሚሆን ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና እዚያው አጠገብ ይቀመጥ። ሞዴስና ዳይፐር በተለመደው ፍጆታችሁ ልክ ተቆጥረው በአንድ እሽግ ይበልጡ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከአሞኒያ ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ከሐኪሙ ወይም ከፋርማሲ ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ የ2 ሳምንት ትርፍ መያዝ ነው፤ አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት። መታጠቢያ ቤትና ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ እርጥበትና ሙቀት ያደክሙታል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታሳርፉት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ (ORS) ጥቂት ከረጢት ያዙ። ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ፣ ይበጠበጣል። ጨው ሲበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ በዓይን ግምት አይሠራም። የመታወቂያና የውል ቅጂ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ከ3 ቀኑ ዕቃ ጋር ይቀመጡ።

ሁሉም ተሟላ ስትሉ አንድ የዕረፍት ቀን መርጣችሁ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ሞክሩት። የውሃውን ዋና መዝጊያ ዝጉ፣ ከፍሪጁ በስተቀር መብራቱን አጥፉ፣ ከክምችቱ ብቻ ብሉና ጠጡ፣ የወጣውን ሊትር በሊትር መዝግቡ። ድስት ማጠቢያ ምን ያህል ውሃ እንደሚወስድ፣ ክብሪቱ የት እንዳለ ማንም እንዳላወቀ፣ ጀሪካኑን ለማዘንበል ሁለት ሰው እንደሚፈልግ የሚታየው ያኔ ነው። የጎደለውን እዚያው ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው አስቤዛ የሚደረበው እሱ ነው።